ቁልፍ መረጃ ሰጪ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ቁልፍ መረጃ ሰጪዎችን አነጋግረናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጥናትና ከፕሮጀክት ሪፖርት አይጠፋም፤ ዝርዝሩ ሲታይ ግን የተነጋገሩት ብዙውን ጊዜ የወረዳው ኃላፊና የሰፈሩን የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድረው ወጣት ናቸው። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ሰፈሩን ከማንም በላይ ያውቃል ብለው ሲጽፉ አየሁ። ይህ ሳይታረም መታለፍ የለበትም።

ቁልፍ መረጃ ሰጪ ማለት በኑሮው ወይም በሥራው ምክንያት፣ ስለ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ሌላው የማያየውን የሚያይ ሰው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማርክ አዴላር ትሬምብሌ እ.ኤ.አ. በ1957 ዘዴውን ሲያብራሩ በማኅበረሰቡ ውስጥ ካለው ድርሻ ጋር ዕውቀትን፣ ፈቃደኝነትን፣ የማስረዳት ችሎታንና ገለልተኝነትን በመመዘኛነት አስቀምጠዋል። ዝነኝነት ከመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም።

ኮዬ ፈጬን እንውሰድ። ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው። በነሐሴ ጎርፉ ለምን በአንዱ ብሎክ በኩል እንደሚወርድ ነዋሪዎቹ በግሩፓቸው ሲከራከሩ ቢውሉም፣ ቦዩ ከመደፈኑ በፊት በየት ያልፍ እንደነበር የሚያውቁት እዚያው ከብት ያገዱና ጤፍ የዘሩ፣ ቴሌግራም የሌላቸው አባት ሊሆኑ ይችላሉ። ግሩፑ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው እንደ ሰፈር ቦኖ ነው፤ ሁሉም እዚያ ይሰለፋል፣ ውሃው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ስለሆነ ቧንቧውን ተከትሎ ወደ ምንጩ መውጣት ያስፈልጋል። ከሦስት ቦኖ የቀመሰ ሰውም፣ ሦስቱ የሚሞሉት ከአንድ ታንከር ከሆነ፣ የቀመሰው አንድ ውሃ ነው፤ ታንከሩ ከተበከለ ሦስቱም ተበክለዋል። እርስ በርስ የተጠቋቆሙ ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡ «መረጃው ተረጋግጧል» የሚሉ ባለሙያዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥቆማው ከማይገናኙ ቦታዎች መጀመር አለበት፤ ከዕድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ከቀድሞ ገበሬዎች፣ ከባጃጅ ሹፌሮች። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ አዲስ መረጃ በብዛት የሚደርሰን ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ በሩቁ ከምናውቀው ሰው ነው። የጥያቄው አቀራረብም ወሳኝ ነው። በግሩፑ ላይ «ስለ ጎርፉ የሚያውቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ ግምት ያግተለትላል፤ «ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ እዚህ ይኖሩ የነበሩ ሰው የሚያውቅ አለ?» የሚለው ግን ወደ ሰው ያደርሳል።

በከርሰ ምድር ውሃ ሙያ የምሠራ በመሆኔ ሁለት ነገሮችን ሳልጨምር አላልፍም። አንደኛ፣ በሰፈሩ ድሮ የውሃ ምንጭ ከነበረ፣ ሽማግሌው ቦታውን በትክክል ያሳያሉ፤ ውሃው በስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚገኝ ግን የሚወስነው የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ስንጥቁ ስለሆነ፣ በዚያ ምልክት ብቻ ጉድጓድ ማስቆፈር ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ «ምንጩ ከደረቀ ስንት ዓመት ሆነው?» ከማለት ይልቅ «በ1983 ደርግ ሲወድቅ ውሃ ነበረው?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ከነባር ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው ይዞ መሄድ ይገባል። በመሬቱ ካሳ ጉዳይ ቅሬታ ያለው ሰው የሚናገረውንም መናቅ አይገባም፤ ጉዳዩ ከማይነካው ሌላ አዋቂ ጋር ማመሳከር እንጂ። ስልክ ቁጥራቸውን ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት ደግሞ ራሳቸውን ማስፈቀድ ግዴታ ነው።