በብስክሌት ወደ ሳንቲያጎ፦ ጥንዶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች እና እውነታው

ከፈረንሳይዋ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ፣ የፒሬኔን ተራሮች አቋርጦ በሰሜን ስፔን በኩል ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚደርሰው፣ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው «የፈረንሳዮች መንገድ» የዘብዴዎስ ልጅ ሐዋርያው ያዕቆብ ተቀብሮበታል ወደሚባለው ካቴድራል ምእመናን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሲጓዙበት የኖረ ጎዳና ነው። አብዛኛው ተሳላሚ በእግሩ ስለሚሄድ፣ በብስክሌት ለመጓዝ የሚያስቡ ባልና ሚስት የሚሰሙት ምክር የእግረኛ ምክር ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ምስክር ወረቀት ያገኛል።» ይህ ለእግረኛ እውነት ነው። ኮምፖስቴላ የሚባለውን በላቲን የተጻፈ ምስክር ወረቀት ለማግኘት ብስክሌተኛ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ስለዚህ እግረኞች የሚነሡባት ሳሪያ ለብስክሌተኛ አትሆንም፤ ፖንፌራዳ ግን ከሳንቲያጎ ያላት ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ ስለሚበልጥ ትበቃለች።

«ለባልና ሚስት አንድ የተሳላሚ ደብተር ይበቃል።» አይበቃም፤ ተሳላሚው ባለፈበት ሁሉ ማኅተም የሚያስመታበት ደብተሩም ምስክር ወረቀቱም ለየሰው ነው። በመጨረሻው 200 ኪሎ ሜትር ብስክሌተኛ በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ማኅተም ማስመታት ስላለበት፣ አንዱ ውጭ ብስክሌቶቹን ሲጠብቅ የሚገባው ሰው ሁለቱንም ደብተሮች መያዙን ባይረሳ ይሻላል።

«ቢጫውን ቀስት መከተል ግዴታ ነው፤ በአስፋልት የሄደ እንደ ተሳላሚ አይቆጠርም።» መንገድ ጠቋሚዎቹን ቀስቶች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መቀባት የጀመሩት የኦ ሴብሬይሮ ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ ሲሆኑ፣ ያሰቡት ለእግረኛ ነበር። ወደዚያችው ወደ ኦ ሴብሬይሮ በሚወስደው አቀበት ላይ የእግሩ መንገድ ድንጋያማና ጠባብ ስለሆነ፣ ብስክሌተኞች ከእግረኞች ተለይተው በአስፋልቱ እንዲወጡ የሚያመለክት ምልክት ተደርጎላቸዋል። ፒሬኔን በከፍታው በኩል የሚያቋርጠው መንገድ ደግሞ ከጥቅምት 22 እስከ መጋቢት 22 ገደማ (በአውሮፓውያን ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31) ስለሚዘጋ፣ በእነዚህ ወራት የሚጓዝ ሰው እግረኛም ቢሆን ዝቅ ባለው በቫልካርሎስ መንገድ በኩል ይሄዳል።

«ፒሬኔ ካለፈ ከባዱ አለቀ፤ ቁልቁለትም ዕረፍት ነው።» እንደ እኔ አመለካከት ከሁሉም የሚያሰጋው ስሕተት ይህ ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ስፍራ የሚገኘው ፒሬኔ ላይ ሳይሆን ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በክሩዝ ዴ ፌሮ አካባቢ ነው፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የብረት መስቀል የቆመበት፣ ተሳላሚዎችም ከቤታቸው ያመጡትን ድንጋይ ከሥሩ የሚያኖሩበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ሞሊናሴካ ወደ 900 ሜትር ገደማ ይወረዳል። በዚሁ ቁልቁለት፣ ኤል አሴቦ ከምትባለው መንደር መውጫ ላይ፣ እዚያው ሕይወቱ ላለፈ ጀርመናዊ ብስክሌተኛ ተሳላሚ መታሰቢያ የሆነ የብረት ብስክሌት ቆሟል። ጓዝ የተጫነበትን ብስክሌት ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ በየመንደሩም ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ለጥንዶች ሌላም ነገር አለበት፦ ክብደት ያለው ሰው አቀበት ላይ ወደ ኋላ ቢቀር እንኳ ቁልቁለት ላይ ስለሚፈጥን፣ የት እንደሚጠባበቁ ከላይ ሳሉ መስማማት አለባቸው።

«ጎን ለጎን መንዳት ክልክል ነው።» የስፔን ሕግ ሁለት ብስክሌተኞች ጎን ለጎን እንዲነዱ ይፈቅዳል፤ ፊት ለፊት በማይታይበት ቦታ ግን አንዱ ከሌላው ኋላ መሆን አለበት። አልፏቸው የሚሄድ መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ ይጠበቅበታል። ከከተማ ውጭ ራስ ቁር ማድረግም ግዴታ ነው።

«ብስክሌተኛ ቀድሞ ስለሚደርስ አልጋ አያጣም።» በብዙ የሕዝብ ማረፊያዎች ቅድሚያው የእግረኛ ነው፤ ብስክሌተኞች እስኪመሽ የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። በግል ማረፊያ አስቀድሞ አልጋ መያዝ ይቻላል።

«ለአምልኮ ያልመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።» ኮምፖስቴላ የሚሰጠው በሃይማኖታዊ ወይም በመንፈሳዊ ምክንያት ለመጣ ሰው ነው፤ በሌላ ምክንያት የተጓዘ ሰው የተለየ የመድረሻ ወረቀት ያገኛል። ስለዚህ ሚስት ለመሳለም፣ ባል ብስክሌት መንዳት ስለሚወድ ብቻ መጥተው ከሆነ፣ አብረው ከመጡበት መንገድ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።