«በትምህርቱ አንደኛ ነው፤ ምኑ ነው ኦቲዝም?»

በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ከወላጆች አንደበት ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ በርዕሱ ላይ ያሰፈርሁት ነው። ጥያቄው የሚነሣውም በአብዛኛው ስለ አንድ ዓይነት ወጣት ነው፦ በሒሳብ ከክፍሉ የሚቀድም፣ አማርኛን እንደ መጽሐፍ አሳምሮ የሚናገር፣ ነገር ግን በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ጥግ ብቻውን የሚቆም፣ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ሆዱን የሚያመው፣ ከመምህራን ጋር ሳያስበው የሚጋጭ። በተለምዶ «ከፍተኛ ብቃት ያለው ኦቲዝም» ስለሚባለው ነገር በሰፈርም ሆነ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከሚነገረው ብዙው የተሳሳተ በመሆኑ፣ ይበልጥ ጉዳት ሲያደርሱ ያየኋቸውን አመለካከቶች እዚህ አነሣለሁ።

«አፉን ፈትቶ የሚናገር ልጅ ኦቲዝም የለበትም»

ይህ ስሕተት ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም። በአገራችን ኦቲዝም የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ያወቀው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸውን ይዘው በአደባባይ ከወጡና እ.ኤ.አ. በ2002 የኦቲዝም ልጆች የሚረዱበትን የጆይ ማዕከልን ካቋቋሙ በኋላ ነው። ትግሉ በየቤቱ ተዘግቶባቸው የነበሩትን፣ ብዙዎቹም የማይናገሩትን ልጆች ወደ ብርሃን ማውጣት ነበርና በአእምሯችን የቀረው ምስልም የእነርሱ ነው። ኦቲዝም የሚለየው ግን በንግግር መኖርና አለመኖር ሳይሆን፣ ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ባለ ዘላቂ ችግር፣ እንዲሁም በተደጋጋሚ ድርጊት፣ በአንድ ነገር ላይ ብቻ በሚጸና ፍላጎት ወይም ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለመዳሰስ ባለ ያልተለመደ ስሜት ነው። ቋንቋው ሙሉ ሆኖ የቋንቋው አጠቃቀም ሊጎድል ይችላል።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ዓመተ ምሕረት አርሞ የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ ስለ ሐዲዱ ማብራራቱን ሊያቆም አልቻለም። መምህሩ ተበሳጭተው «ቀጥል እንጂ፣ ቀጥል!» አሉት። ቀጠለ። ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ መምህሩ እንደ ንቀት ቆጥረው አስወጡት። እኔ ዘንድ ሲደርስ የጠየቀኝ «ቀጥል ብለውኝ ስቀጥል ለምን ተቆጡ?» ብሎ ነበር፤ ጥያቄው የምር ነበር።

በሰምና ወርቅ በሚኮራ ማኅበረሰብ ውስጥ ቃልን እንደ ቃልነቱ ብቻ የሚሰማ ሰው ኑሮው ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት አንድ የግብዣ ማዕድ ይበቃል። እንግዳ «በቃኝ» ሲል «አፈር ስሆን» ብሎ መለመን እንደሚገባ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም፤ ከአየሩ እንቀስመዋለን። እንግዳዋ «ጠግቤያለሁ» ስላሉ ሳህናቸውን አንሥቶ ወደ ጓዳ የወሰደ ልጅ ግን ባለጌ ተብሎ ይገሠጻል፤ እርሱ ያደረገው የተነገረውን ማክበር ነበር።

«አስፐርገር ነው እንጂ ኦቲዝም አይደለም፤ ቀላሉ ነው»

ሊዮ ካነር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ሃንስ አስፐርገር በቪየና በ1944 ስለ ኦቲዝም የየራሳቸውን ገለጻ ጻፉ። እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ በ1981 የአስፐርገርን ስም ዳግም አነሡት፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 ራሱን የቻለ መጠሪያ አድርጎ በምርመራ መመሪያው አሰፈረው። ይሁንና በአስፐርገርና በኦቲዝም መካከል የተሰመረው ድንበር ከሐኪም ሐኪም የሚለያይ ሆኖ ስለተገኘ፣ ማኅበሩ በ2013 ሁሉንም በአንድ የኦቲዝም መጠሪያ ሥር አዋሐዳቸው፤ በጥር 2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። «ከፍተኛ ብቃት» የሚለው አጠራር ደግሞ ቀድሞውንም የሕክምና መጠሪያ ሆኖ አያውቅም፤ በልማድ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሌለባቸውን ለማመልከት የሚነገር ነው።

የዚህ አጠራር ትልቁ ጉድለት ፈተና ላይ ያለውን ችሎታ ነግሮን ስለ ውሎው ዝም ማለቱ ነው። ባለ ሦስት ቤት እኩልታ በቃሉ የሚፈታ ልጅ፣ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ በሚጮኽበት ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶት ሦስት ፌርማታ አልፎ ሊሄድ ይችላል። የ2013ቱ መመሪያ በሦስት የድጋፍ ደረጃዎች ሲከፍለው የመጀመሪያውንና ዝቅተኛውን ደረጃ የሰየመው «ድጋፍ የሚያስፈልገው» ብሎ ነው። «ድጋፍ የማያስፈልገው» የሚባል ደረጃ የለም።

«ዓይኔን እያየ ስላናገረኝ ኦቲዝም የለበትም»

ስለ ዓይን የሚነገረው በሁለቱም በኩል ያሳስታል። በእኛ ዘንድ ታላቁ ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ወጣት ጨዋ ስለሆነ፣ ከውጭ በመጣ መመዘኛ ዓይንን አለማየት ብቻውን ምልክት ተደርጎ ከተቆጠረ ግማሹ ክፍላችን ሊጠረጠር ነው። በተቃራኒው፣ «ሰው ሲያናግርህ ቅንድቡን እይ» ተብሎ የተለማመደ የኦቲዝም ወጣት ሐኪሙን ፊት ለፊት እያየ ሊያዋራ ይችላል።

«ኤምአርአይ ይነሣና ይለይለት»

ይህኛው ስሕተት ገንዘብ ያስወጣል። ከዕቁብም ከዘመድም ተለምኖ የተገኘ ብር ለራስ ምስል ይከፈላል፤ ውጤቱ «ምንም የለበትም» ሲል ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላል። ኦቲዝምን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ምስል እስከ ዛሬ የለም፤ ኤምአርአይም ሆነ ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ) ሐኪም የሚያዘው እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ሌላ ነገር ሲጠረጥር ነው።

ልየታው የሚካሄደው በታሪክና በምልከታ ነው። ምልክቶቹ ዘግይተው ጎልተው ሊታዩ ቢችሉም ከልጅነት የጀመሩ መሆን ስላለባቸው፣ የ16 ዓመት ወጣት ሲመረመር እናትየው ወይም ያሳደገችው አያት የምታስታውሰው ትልቅ ዋጋ አለው፦ ስሙ ሲጠራ ዞር ይል ነበር ወይ? የፈለገውን ነገር በጣቱ እያመለከተ ያሳይ ነበር ወይ? ከሰፈር ልጆች ጋር ዕቃ ዕቃ ይጫወት ነበር ወይስ ቆርኪ በመስመር ሲደረድር ይውል ነበር? መስማት መቻሉም ይጣራል። በዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ምስክርነትና ከወጣቱ ጋር የሚደረግ ረዘም ያለ ውይይት ይታከላል። ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ መመዘኛዎች ያግዛሉ እንጂ ብቻቸውን አይፈርዱም።

ሐኪሙ ሌሎች መንገዶችንም ይፈትሻል። ሰውን መፍራት፣ የማያቋርጥ ጭንቀት፣ ከመፈናቀል ወይም ከድብደባ የተረፈ የመንፈስ ጠባሳ ተመሳሳይ መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ደግሞ ከኦቲዝም ጋር አብሮ መኖሩ የተለመደ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ የአሜሪካው መመሪያ ሁለቱን ለአንድ ሰው በአንድነት መስጠትን ይከለክል ስለነበር፣ ቀደም ብለው የተማሩ አንዳንድ ባለሙያዎች ዛሬም አንዱን ካገኙ ሌላውን አይፈልጉም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። በአእምሮ ሕክምና ክፍል «ሌላ ሰው በሌለበት ድምፅ ትሰማለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቃሉን እንዳለ የሚወስደው ወጣት «አዎ» ሊል ይችላል፤ ለብቻው ተቀምጦ ከላይኛው ፎቅ የሚመጣውን የሙቀጫ ድምፅ እየሰማ ነውና። «የማን ድምፅ? ምን ይላል?» ብሎ የሚከተል ጠያቂ ከሌለ፣ ይህ መልስ ለማያስፈልግ የሥነ ልቦና ቀውስ መድኃኒት በር ሊከፍት ይችላል።

ከአራብሳ ተነሥቶ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ሁለት ሦስት ታክሲና የጠዋት ሰልፍ ማለፍ ነው፤ ወጣቱ ሐኪሙ ፊት የሚደርሰው በጩኸትና በግፊያ ዝሎ ነው። ስለዚህ ወላጆችን አንድ ገጽ ጽፈው እንዲሄዱ እመክራለሁ፤ «ባሕርዩ ያስቸግራል» ብለው ሳይሆን፣ «እሑድ ድንኳን ተተክሎ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ» ብለው።

«ሴት ልጅ ላይ አይከሰትም»

በክሊኒክ መዝገብ አራት ወንድ ለአንዲት ሴት ይገኝ የነበረው ቁጥር፣ በየማኅበረሰቡ በንቃት ሲፈለግ ወደ 3 ለ 1 ዝቅ ማለቱ ሳይታወቁ የሚቀሩ ሴቶች መኖራቸውን ያሳያል። በእኛ አገር ደግሞ ዝምተኛ ሴት ልጅ ትመሰገናለች እንጂ ሐኪም ዘንድ አትወሰድም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቡና ሲፈላ እህቷ ስትስቅ እየጠበቀች እንደምትስቅ፣ ጎረቤት ሲመጣ የምትለውን በደብተሯ ጽፋ እንደምታጠና ነገረችኝ፤ ከእያንዳንዱ ቡና በኋላ አልጋዋ ላይ ተሸፋፍና ትተኛለች። እናቷ የሚያውቋት ጨዋና እንቅልፍ የምትወድ ልጅ አድርገው ነበር።

«ትምህርት ቤት ሰላም ከሆነ ቤት የሚረብሸው ስለቀበጠ ነው»

ቀኑን ሙሉ ራሱን ይዞ የዋለ ልጅ የሚፈነዳው አደጋ እንደሌለበት በሚያውቀው ቦታ ነው፤ ያም ቦታ ቤቱ ነው። አባት «አላሳደግሽውም» እያለ እናትን ሲወቅስ፣ መምህሩም «እኛ ጋ መልአክ ነው» ሲል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ልጅ ሁለት ግማሽ ቀን ነው።

«የእናቱ ጥፋት ነው፣ ስልክ ነው፣ ክትባት ነው»

በዚህ ላይ አልቆይም። ቀዝቃዛ እናት ኦቲዝም ታመጣለች የሚለው የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐሳብ ወድቋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1977ቱ የመንትዮች ጥናት ጀምሮ የዘር ውርስ ድርሻ ከፍተኛ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 ጽሑፍ በ12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ያሳተመው መጽሔትም በ2010 ሰርዞታል። ስልክ እንቅልፍ ይሰርቃል፣ ኦቲዝም ግን አይወልድም። እርግማንና ዓይነ ጥላ የሚሉትን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም በፊት ጠበል እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ አልቃወምም፤ የምለምነው የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዳይቋረጥና ልጁ እንዳይታሰር፣ እንዳይገረፍ ብቻ ነው።

«መድኃኒት ወስዶ ይዳን»

የኦቲዝምን መሠረታዊ ባሕርይ የሚለውጥ መድኃኒት የለም። ሪስፔሪዶን እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 በአሜሪካ የተፈቀዱት በኦቲዝም ልጆች ላይ ለሚታይ ብርቱ ቁጣና ራስን መጉዳት ነው፤ ክብደት ስለሚጨምሩም ክትትል ይሻሉ። ዝምተኛና ብቸኛ መሆን የሚታከምበት ኪኒን አይደሉም። ግሉተን የሌለው ምግብ ይፈውሳል የሚሉም አሉ፤ ጤፍ ድሮውንም ግሉተን የለውም፤ እንጀራ መፍትሔው ቢሆን ኖሮ እኛ አገር ኦቲዝም ባልታየ ነበር።

የሚታከመው አብሮ የሚመጣው ነው፦ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የትኩረት ችግር። ለጭንቀት የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ለእነዚህ ወጣቶች ሲስማማ በሥዕልና በቁጥር ይደገፋል፤ «ምን ይሰማሃል?» የሚለውን መመለስ ያቃተው ልጅ «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ሲባል ያለ ማመንታት «ሰባት» ይላል። ራስን የማጥፋት አሳብ በእነዚህ ወጣቶች ላይ ከሌላው ይበልጥ ስለሚታይ በግልጽ ቃል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቅ አሳቡን አይተክልም፤ በዘወርዋራ መጠየቅ ግን መልስ አያስገኝም።

በዕድሜ ረገድ ክፍተት መኖሩንም አልሸሽግም። በኢትዮጵያም የተሞከረው የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ሥልጠና የተዘጋጀው ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ነው። ለ17 ዓመት ወጣት የሚሆነው ድጋፍ በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሠራው ነው፦ በር አጠገብ የተወሰነ መቀመጫ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ፣ ፈረቃ ከመቀየሩ ከሳምንት በፊት የሚነገር ማስታወቂያ፣ ሲጨንቀው የሚገባበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል። የእኔ ቢሮ መጽሐፍ ማስቀመጫም ስለሆነ ለዚህ ተስማምቷል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር በጣም የሰጋሁት ለእነዚህ ልጆች ነበር፤ አዲስ አልጋ፣ አዲስ ምግብ፣ አዲስ ፈታኝ በአንድ ጊዜ። አንዲት እናት የምደባው ቦታ እንደታወቀ ልጃቸውን ይዘው እስከ ግቢው በር ድረስ ሄደው፣ መግቢያውን አሳይተው፣ የሚውልበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ሰጡት። ፈተናውን ጨርሶ ሲመለስ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት። ጥያቄዎቹ አላስቸገሩትም፤ ያስቸገረው የመኝታ ክፍሉ መብራት ሌሊቱን ሙሉ አለመጥፋቱ ነበር፤ የአምፖሎቹን ቁጥርም ነገረኝ።