ብልጭ ድርግም የሚል ፖርት ምንድን ነው?

ጨርሶ የሞተ ፖርት (የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) ብዙ አያስቸግርም። መብራቱ ይጠፋል፤ ኬብሉ ተነቅሎ ሌላ ፖርት ላይ ይሰካል፤ ሥራ ይቀጥላል። ባለሙያን የሚያደክመው ግማሽ ቀን በደኅና ሠርቶ ለአንድ ሰከንድ የሚጠፋው ነው። ሊያዩት ሲመጡ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል፣ ዘወር ሲሉ እንደገና ይጠፋል። ባለሙያዎች ፖርት ፍላፒንግ የሚሉት ይህንን ነው፤ በአማርኛ ብልጭ ድርግም የሚል ፖርት ብንለው ጠባዩን በትክክል ይገልጸዋል።

ጉዳቱ ለምን ከአንዷ ሰከንድ በላይ እንደሚሆን ለመረዳት የብሪጅን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብሪጅ የኔትወርክ ክፍሎችን የሚያገናኝ መሣሪያ ነው፤ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስዊችም ብዙ ፖርት ያለው ብሪጅ ነው። በየፖርቱ የሚገባውን መልእክት እያየ የላኪውን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ ይመዘግባል፤ የትኛው ኮምፒውተር በየት በኩል እንዳለ የሚያውቀው በዚህ መዝገብ ነው። ፖርቱ ሲጠፋ በዚያ በኩል የተመዘገበው ሁሉ ይሰረዛል። ተመልሶ ሲመጣም ብሪጁ ወዲያው አያምነውም።

የማያምንበት ምክንያት አለው። ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብል ከተገናኙ መልእክት ክብ ሠርቶ ያለ ማቋረጥ ሊዞርና ኔትወርኩን ሊያፍን ይችላል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ ስትሠራ ለዚህ ችግር ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን መላ ፈጠረች፤ ክብ የሚያሠራውን ትርፍ መንገድ ይዘጋል። በመጀመሪያው ስፓኒንግ ትሪ ደንብ አዲስ የተነሣ ፖርት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ አድራሻ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልእክት ያሳልፋል። ስለዚህ ኬብሉ ለአንድ ሰከንድ ቢላቀቅ ተጠቃሚው ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይቋረጥበታል። «ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይጠፋና ይመለሳል» የሚል አቤቱታ ስሰማ አእምሮዬ በቀጥታ ወደዚህ ይሄዳል።

ጣጣው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይም አይቀርም። ፖርቱ በተነሣና በወደቀ ቁጥር የኔትወርኩ ቅርጽ ተለወጠ የሚል ማስታወቂያ ለሌሎቹ ስዊቾች ይደርሳል። እነርሱም አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ ከተለመደው 300 ሰከንድ ወደ 15 ያወርዳሉ። አድራሻው የጠፋበት ስዊች መልእክቱን በሁሉም ፖርት ይረጨዋል። አንደኛ ፎቅ ላይ የላላ ኬብል አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው የሚያንቀራፍፈው በዚህ መንገድ ነው። ኮምፒውተር ወይም ማተሚያ ብቻ የሚሰካበትን ፖርት የጠርዝ ፖርት አድርጎ ማዋቀር ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ሠላሳ ሰከንድ መጠበቁም ማስታወቂያውም ይቀራል። ቢሆንም ሕመሙን ማስታገስ ነው እንጂ መፈወስ አይደለም።

ፈውሱ የሚጀምረው ከሎግ፣ ማለትም ስዊቹ የሆነውን ከነሰዓቱ ከሚጽፍበት ማስታወሻ፣ ነው። እባካችሁ ስዊቹን አጥፍታችሁ አታብሩት! በብዙ ስዊቾች ላይ ሎጉም የስሕተት ቆጣሪውም አብሮ ይጠፋል፤ ማስረጃውን በገዛ እጅ ማቃጠል ማለት ነው። ፖርቱ የወደቀባቸውን ሰዓቶች ጻፉ። ቀጥሎ ተበላሽተው የደረሱ መልእክቶችን የሚቆጥረውን የሲአርሲ ስሕተት ቆጣሪ እዩ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ መልእክቱ መንገድ ላይ እየተበላሸ ነውና ኬብሉን ወይም በአጠገቡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መስመር ጠርጥሩ። ስሕተት ሳይኖር የሚወድቅ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ እንቅልፍ እየገባ ወይም ኃይል እየተቋረጠበት ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱንም ልብ በሉ። አንድ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በሁለቱ ይሠራል። ጊጋቢት የነበረ ፖርት በ100 ከተነሣ አንዱ ጥንድ ሳይጎዳ አይቀርም።

ከዚያ መለዋወጥ ይከተላል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። የተጠረጠረውን ኬብል ከጤነኛው ጋር በስዊቹ በኩል አቀያይሩ። ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ወደ አዲሱ ፖርት ከሄደ ስዊቹ ነጻ ነው። በቦታው ከቀረ ፖርቱ ታሟል። ኬብሉንም ፖርቱንም በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋለትም ጥፋተኛውን አያውቅም፤ ደኅናውን ኬብል ይጥልና የታመመውን ፖርት ለሚቀጥለው ሠራተኛ ይሰጣል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ለሳምንታት ያስቸገረንን ፖርት ሎግ በወረቀት ላይ ስገለብጥ ሰዓቶቹ ተሰባስበው አገኘኋቸው፤ ጠዋት ሁለት ተኩል አካባቢ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል። ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ኬብሉ በበሩ ሥር ያልፋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጨፈልቀዋል። አዲስ ኬብል በግድግዳው በኩል አሳለፍን።