ፕሮጀክቲቭ ዳይሜንሽን ምንድን ነው?

ሊኒየር አልጀብራ የተማረ ሰው ቬክተር ስፔስ ሁልጊዜ ቤዚስ እንዳለው ለምዷል። ስኬላሮቹ ከፊልድ መምጣታቸው ቀርቶ ከሪንግ፣ ማለትም መደመር፣ መቀነስና ማባዛት እንጂ ማካፈል ሁልጊዜ ከማይቻልበት ስርዓት፣ ለምሳሌ ከኢንቲጀሮች ሲመጡ ግን ስፔሱ ሞጁል ይባላል፤ ቤዚስ መኖሩም ዋስትና ያጣል። 0 እና 1ን ብቻ የያዘውን፣ 1 + 1 = 0 የሚሆንበትን ሞጁል እንውሰድ። 1 ብቻውን ሁሉንም ያመነጫል፤ ነገር ግን በ2 ሲባዛ 0 ስለሚሆን ቤዚስ አይሆንም።

ቤዚስ ያለው ሞጁል ፍሪ ይባላል። ፍሪ ያልሆነውን ለመረዳት አመንጪዎቹን ቆጥረን፣ በዚያው ቁጥር ቤዚስ ካለው ፍሪ ሞጁል ወደ እሱ ፈንክሽን እንልካለን። ዜሮ ላይ የሚያርፉት፣ ማለትም ከርነሉ፣ በአመንጪዎቹ መካከል ያለውን ዝምድና ሁሉ ይይዛል። ከርነሉም ራሱ ሞጁል ነውና የራሱ አመንጪና የራሱ ዝምድና አለው። እንግዲህ ብድርን በብድር መክፈል ጀመርን ማለት ነው፤ ጥያቄው ዕዳው በስንተኛው ዙር ያልቃል የሚለው ነው።

ለማለቁ ምልክቱ ከርነሉ ፕሮጀክቲቭ ሆኖ መገኘቱ ነው። ፕሮጀክቲቭ የምንለው ከሌላ ሞጁል ጋር በዳይሬክት ሰም (ከየሞጁሉ አንድ አንድ አባል እያጣመርን ጥንዶቹን በየቦታቸው በመደመር) ሲጣመር ፍሪ የሚሆነውን ነው። ሞጁሉ ከመነሻው ፕሮጀክቲቭ ከሆነ ዳይሜንሽኑ 0 ነው፤ የመጀመሪያው ከርነል ላይ ካለቀ 1፣ ሁለተኛው ላይ ካለቀ 2፣ ጨርሶ ካላለቀ ደግሞ ኢንፊኒቲ። ሌላ አመንጪዎች ብንመርጥ ቁጥሩ አይለወጥም ወይ? አይለወጥም። በ1958 ቺካጎ ውስጥ ኢርቪንግ ካፕላንስኪ ይህን ለክፍሉ ነግሮ ማረጋገጫው ጊዜ እንደሚወስድ ሲናገር፣ ስቲቨን ሻኑኤል የተባለ ተማሪ ቀላል ነው ብሎ እዚያው አሳየው። ዛሬ ሻኑኤል ሌማ የሚባለው ያ ነው።

አሁን ወደ ሁለት አባሉ ሞጁላችን እንመለስ። በኢንቲጀሮች ላይ ከርነሉ የተጋማሽ ቁጥሮች ስብስብ ነው፤ 2 ብቻውን ቤዚስ ይሆነዋል፤ ስለዚህ ዳይሜንሽኑ 1 ነው። ሪንጉን ከ0 እስከ 5 ባሉ ቁጥሮች፣ 6 ሲደርስ ወደ 0 በሚመለስ ስሌት እንለውጠው። ይህ ሪንግ ባለ ሁለት አባሉና ባለ ሦስት አባሉ ሞጁል ተጣምረው የሚሰጡት ነው፤ ስለዚህ ያው ሞጁላችን እዚህ ቤዚስ ባይኖረውም ፕሮጀክቲቭ ነው፣ ዳይሜንሽኑም 0። ስሌቱ 4 ሲደርስ ወደ 0 የሚመለስ ቢሆንስ? ከርነሉ 0 እና 2 ነው፤ 2 + 2 = 0 ስለሆነ ይህ ያው የተነሣንበት ሞጁል ነው! ቀጣዩ ከርነልም እንዲሁ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ዳይሜንሽኑ ኢንፊኒቲ ሆነ። ሞጁሉ ሳይነካ፣ ሪንጉ ብቻ ተቀይሮ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘን። እኔን የሚደንቀኝም ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ስለ ሞጁሉ የሚናገረውን ያህል ስለ ሪንጉ ይናገራል።

የአንድ ሪንግ ሞጁሎች ሁሉ የሚደርሱበት ጣሪያ ግሎባል ዳይሜንሽን ይባላል። ለፊልድ 0፣ ለኢንቲጀሮች 1 ነው። ዳቪድ ሂልበርት በ1890 ያረጋገጠው ደግሞ፣ በዛሬ ቋንቋ፣ ኮኤፊሸንቶቹ ከፊልድ በሆኑ ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ፖሊኖሚያሎች ላይ ውሱን አመንጪ ያለው ሞጁል ሁሉ ከ2 እንደማያልፍ፣ በሦስት ተለዋዋጭ ከ3፣ እያለም እንደሚቀጥል ነው።

ጂኦሜትሪው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኤክስና በዋይ ፖሊኖሚያሎች ላይ የኤክስና የዋይ ብዜት 0 ነው ብለን ብንደነግግ፣ የምናገኘው ሪንግ መነሻ ነጥቡ ላይ የሚቋረጡትን ሁለቱን አክሲሶች ይገልጻል። በኤክስ የሚመነጨውን ሞጁል ብንወስድ፣ ኤክስን የሚያጠፋው ዋይ ነው፤ ዋይን የሚያጠፋው ኤክስ፤ ከዚያ መልሶ ዋይ። ዕዳው አያልቅም፤ ምክንያቱም መስመሮቹ የሚቋረጡበት ነጥብ ለስላሳ አይደለም። አውስላንደር፣ ቡክስባውምና ሰር በ1950ዎቹ እንዳሳዩት ለኖቴሪያን ሎካል ሪንግ (አይዲያሎቹ ሁሉ ውሱን አመንጪ ላላቸውና፣ በጂኦሜትሪ ሲታይ የአንድን ነጥብ ዙሪያ ብቻ ለሚገልጽ ሪንግ) ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ግሎባል ዳይሜንሽኑ ውሱን የሚሆነው ሪንጉ ሬጉላር፣ በጂኦሜትሪ ቋንቋ ነጥቡ ለስላሳ ሲሆን፣ ያኔም ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የሬጉላር ሎካል ሪንግ ሎካላይዜሽን (ከአንድ ፕራይም አይዲያል ውጭ ባሉ አባላት ማካፈል እንዲቻል ተደርጎ የሚገኘው ሪንግ) ሬጉላር መሆኑ በጥቅሉ አልተረጋገጠም ነበር። አሁን ግን ውሱን ዳይሜንሽን ሎካላይዜሽንን ተሻግሮ ውሱን ሆኖ ስለሚቀር፣ ማረጋገጫው አንድ መስመር ይበቃዋል።