በፓምፑ አይፍረዱ፦ ስለ ካራቫን ውሃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካራቫን (ለጉዞ የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ ቤት) ውስጥ ውሃ ሲያስቸግር ጣት የሚቀሰረው ከታንከሩ ውሃ ስቦ ወደ ቧንቧዎቹ የሚገፋው ፓምፕ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያለ ጥፋቱ ነው። ደህና ፓምፕ ተፈቶ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

«ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ ከተነሳ አብቅቶለታል»

አይደለም። ፓምፑ የሚታዘዘው በግፊት ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ይነሳል፣ ሲሞላ ይጠፋል። ሌሊት ብቻውን ትር ትር ካለ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ደረቅ ሶፍት ይያዙና መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይዳብሱ። ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል። የእቃ ማጠቢያው ስር፣ የሽንት ቤቱ ጀርባ፣ የቦይለሩ ኋላ ይታይ። የውጭውን ሻወር ደግሞ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ሁሉም ደረቅ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ያለችውን ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግደውን ክፍል) ይጠርጥሩ። እሷ ከለቀቀች ውሃው ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ከውጭ መስመር (ካራቫኑ ከቆመበት ቦታ ቧንቧ በጎማ የሚመጣ) ውሃ እየተጠቀሙ ታንከሩ በራሱ ጊዜ ከሞላ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቆሻሻ ይዟት ከሆነ ግን ጽዳት ይበቃታል።

«ፓምፑ እየጮኸ ውሃ ካልመጣ ተቃጥሏል»

የተቃጠለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ እየሠራ አይጮህም። ታንከሩ ባዶ አለመሆኑን ካዩ በኋላ ከፓምፑ በፊት ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ ይፍቱ። በተለይ አዲስ ካራቫን ላይ ታንከሩ ሲበሳ የቀረ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ይዘጋታል። ሲመልሷት ጎሚኒዋ በቦታዋ ትቀመጥ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ፓምፑ በሚስብበት በኩል ክፍተት ካለ ውሃ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ አየር ነው የሚገባው። ስለዚህ «ደረቅ ነው» ብለው አይለፉት።

«የውጭ መስመር ግፊት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ለአብዛኞቹ ካራቫኖች ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይበቃል። ከዚያ በጣም ካለፈ መጋጠሚያ ሊያስለቅቅ ይችላል። የግፊት መቀነሻውን ካራቫኑ ላይ ሳይሆን ውሃው በሚነሳበት ቧንቧ ላይ ይግጠሙት። የውሃ ጎማውም አብሮ ይተርፋል።

«ውሃው የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ታንከሩ ተበክሏል»

መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ለብቻ ያሽትቱ። የሚሸተው ሙቁ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቦይለሩ ጋ ነው። በአንዳንድ ቦይለር ውስጥ ዝገት ለመከላከል የሚገባው የማግኒዥየም ዘንግ ከባክቴሪያ ጋር ሲገናኝ ይህን ሽታ ያመጣል። ቦይለሩን ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ግፊቱን ያስተንፍሱ፣ ከዚያ አፍስሰው ይጠቡት። መስመሩን በሙሉ ለማከም ሽቶ የሌለው ተራ በረኪና በ100 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምሩ። ሁሉንም ቧንቧ ከፍተው የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ያፍስሱ፣ ለሰዓታት ያቆዩት፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ።

«ታንከሩን ካራገፍኩ ውርጭ አያሳስበኝም»

ቱቦው፣ ፓምፑና ሻወሩ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቃቸዋል። እነሱም ይራገፉ፤ ወይም ለመጠጥ ውሃ መስመር የተሠራው፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ ቀለም ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለ አንቲፍሪዝ (ከበረዶ የሚከላከል ፈሳሽ) ይግባባቸው። የመኪና ሞተር አንቲፍሪዝ ግን መርዝ ስለሆነ በጭራሽ እዚህ መስመር ውስጥ አይግባ።