ስቴም ሴል የልብ ጡንቻ ሲሆን፦ የኤክስትራሴሉላር ማትሪክስ ድርሻ

ህዋሶች በሰውነታችን ውስጥ የሚኖሩት ራሳቸው በሚያመነጩት የፕሮቲንና የስኳር ድር ተከበው ነው። ይህ ድር ኤክስትራሴሉላር ማትሪክስ ይባላል። ኮላጅን ጥንካሬ፣ ኢላስቲን የመለጠጥ አቅም ይሰጡታል። ፋይብሮኔክቲንና ላሚኒን ደግሞ ህዋሱ የሚይዛቸው መጨበጫዎች ናቸው። ድሩ ህዋሶችን አንድ ላይ ከመያዝ ያለፈ ሥራ አለው። ስቴም ሴል (ገና ዓይነቱ ያልተለየ፣ ወደ ሌሎች ህዋሶች ሊለወጥ የሚችል ህዋስ) ወደፊት ምን ዓይነት ህዋስ እንደሚሆን በመወሰን ረገድም ትልቅ ድርሻ አለው።

ልብ ላይ ይህ ነገር በጣም ያስፈልገናል። የአዋቂ ሰው ልብ የጡንቻ ህዋሶቹን የሚተካው በዝግታ ነው። በወጣትነት በዓመት 1 በመቶ ገደማ፣ በእርጅና ደግሞ ከዚያ ግማሽ አይሞላም። የልብ ደም ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ግን እስከ 1 ቢሊዮን ህዋስ ሊሞት ይችላል። ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፤ ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ የአዋቂ ሰው የቆዳ ህዋስን ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ፣ ከታካሚው ከራሱ ህዋስ የልብ ጡንቻ የመሥራት ተስፋ ተከፍቷል።

ማትሪክሱ ከህዋሱ ጋር የሚነጋገረው በዋናነት ኢንቴግሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። አንደኛው ጫፋቸው ማትሪክሱን ይይዛል፣ ሌላኛው ከህዋሱ ውስጣዊ አጽም ጋር ይያያዛል። ህዋሱ በእነሱ በኩል ዙሪያውን ይጎትታል፤ ምን ያህል እንደሚከብደውም ያውቃል። መልእክቱ እስከ ኒውክለስ ደርሶ የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ይለውጣል።

ከሁሉም የሚገርመው የማትሪክሱ ግትርነት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ከመቅኔ የተገኙ ስቴም ሴሎችን ግትርነታቸው በተለያየ ጄሎች ላይ አሳደገ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ የነርቭ፣ መካከለኛው ላይ የጡንቻ፣ በጠጠረው ላይ የአጥንት ህዋስ ባሕርይ አሳዩ። ምግባቸው አንድ ነበር። የፅንስ ልብ ህዋሶችም ግትርነቱ እንደ ጤናማ ልብ፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎፓስካል (የግትርነት መለኪያ) በሆነ ጄል ላይ ጥሩ አድርገው ይመታሉ። እንደ ጠባሳ በጠጠረው ላይ ግን ታግለው ታግለው ምታቸውን ያቆማሉ። በእኔ እምነት ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ህዋስ ብቻ ጠባሳ ላይ በመርፌ ሰጥቶ መተው አያዋጣም።

በላብራቶሪ ለስቴም ሴል ማደጊያ በብዛት የሚነጠፈው ማትሪጄል የሚባል የማትሪክስ ጄል ነው። የሚወጣው ከአይጥ ዕጢ ስለሆነ ይዘቱ ከምርት ምርት ይለያያል፤ ለሕክምናም አይመችም። ስለዚህ ብዙዎች በላብራቶሪ ወደሚመረቱ ላሚኒኖች እየዞሩ ነው። ላሚኒን 521 ስቴም ሴሉን ይንከባከባል፤ በልብ ጡንቻ ውስጥ በብዛት ያለው ላሚኒን 221 ደግሞ ወደ ልብነት ያግዘዋል። ስቴም ሴሉን ወደ ልብ ጡንቻ ለመለወጥ፣ ዊንት የሚባለውን በህዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ የምልክት መስመር በኬሚካል መጀመሪያ ማነሳሳት፣ ከቀናት በኋላ መግታት የተለመደው ዘዴ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳህኑ ላይ የሚመታ ህዋስ ይታያል።

ሙሉ ማትሪክስን መጠቀምም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመራማሪዋ የዶሪስ ቴይለር ቡድን የአይጥ ልብን በሳሙና መሰል ኬሚካል አጥቦ ህዋሶቹን አስወገደ። በቀረው ማትሪክስ ላይ ስቴም ሴል ሳይሆን የጨቅላ አይጥ የልብ ህዋሶችን ዘራ። በ8ኛው ቀን ልቡ ደም የመርጨት አቅሙ ከአዋቂ አይጥ ልብ 2 በመቶ ገደማ ደረሰ።

ትልቁ ችግር አሁንም ብስለት ነው። ከስቴም ሴል የተሠሩት ህዋሶች የፅንስ ልብ ህዋስ ይመስላሉ፤ አጫጭርና ደካሞች ናቸው። ተመራማሪዎች በመስመር በተደረደረ ማትሪክስ፣ በመለጠጥና በኤሌክትሪክ ምት ሊያበስሏቸው እየሞከሩ ነው።