«ካርታው በስሜ ነው» ለሚሉ ባሎች (ለሚስቶችም)

የቤተሰብ ክርክር የሚይዝ ጠበቃ አዲስ ነገር አይሰማም፤ ባለጉዳዩ ይለዋወጣል እንጂ ንግግሩ ያው ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ የሚለውን እኔ ልጨርስለት እችላለሁ።

«ሕጉም ባልን የቤቱ ራስ አድርጎታል።»
አድርጎት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር፤ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤት ሥራው የእሷ ግዴታ እንደሆነ ሳይቀር ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሁሉ ሽሮ፣ ተጋቢዎች እንዲከባበሩ፣ እንዲተጋገዙና ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ አዟል። በተሻረ ሕግ የሚፎክር ሰው ፍርድ ቤት ሲደርስ ማፈሩ አይቀርም።

«ሚስቱን ቢመታ የቤት ገመና ነው።»
ወንጀል ነው። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ያንብቡ።

«እኩልነት ከፈረንጅ የመጣ ነው።»
በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴት ልጅ ከእናትም ከአባትም ወገን ርስት ትወርስ ነበር፤ በሰማንያ ያገባች ሚስትም ስትፋታ ድርሻዋን ይዛ ትወጣ ነበር። የአባቷን ስም ጥላ በባሏ ስም የመጠራት ልማድም የእኛ አይደለም።

«ቤቱ በስሜ ነው፤ እሷ ሥራ የላትም።»
ደሜን የምታፈላው ይህቺ ነች። አንድ ደንበኛዬ ካርታውን ከላስቲክ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ በመዳፉ እያስተካከለ ዘረጋውና «ይኸው፣ በማን ስም እንደሆነ ያንብቡት» አለኝ። አነበብኩት። ቤቱ መቼ ተሠራ? «ከተጋባን በኋላ ነው።» ግንበኞቹን ማን አበላ? «እሷ ናታ።» ግድግዳው እስኪጠነክር ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣውስ? ዝም አለ። ከቦኖ በጀሪካን እያመላለሰች ያጠጣችው እሷ ነበረች፤ ያውም ልጅ አዝላ። «ሥራ የላትም» የተባለችው ይህቺ ሴት ነች!

እንግዲህ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 የሚለው ይህ ነው፦ ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። ገንዘቡን ማን ከደመወዙ አወጣ፣ ማን ወጥ ሲሠራ ዋለ ተብሎ አይለካም። የጋራ የሆነውን ቤት ያለ እሷ ስምምነት መሸጥም ሆነ በመያዣነት ማስያዝ አይችልም። ይህን ስነግረው የተናደደው በእኔ ነው፤ ሕጉን እኔ ያወጣሁት ይመስል።

ሴቶችም አትሳቁ። «የእሱ ደመወዝ የቤቱ፣ የእኔ ደመወዝ የእኔ» የምትሉትን በየቀኑ እሰማለሁ። በትዳር ውስጥ የሁለታችሁም ደመወዝ የጋራ ነው። ለእሱ የማይፈቀደው ለእናንተም አይፈቀድም፤ ወጪውን ሁሉ እሱ ላይ ጭኖ መከበርን መጠበቅም ያስተዛዝባል።

ከጋብቻ በፊት ያፈራችሁት፣ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኛችሁት የግላችሁ ነው፤ ማስረጃውን በደንብ አስቀምጡ። ስለ ንብረት የተለየ ስምምነት የምትፈልጉ ከሆነ ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት በጽሑፍ ተዋዋሉ። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ የምታደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም፤ ሽማግሌዎች ፊት መፈረማችሁ ብቻውን አያድናችሁም።